የመጋረጃ ሰፊዋ አረንጓዴ ሳሎን

መጋረጃ ሰፊዋ ዕድሜዋን የገፋችው የሰው ሳሎን ስትለካ ነው። ሜትሯን አንገቷ ላይ ጥላ፣ ስፒሎቿን ከንፈሯ መኻል ነክሳ፣ ወንበር ላይ ወጥታ የሰው መስኮት ከላይ እስከ ታች ትለካለች። "ሰው ከሐኪምና ከመጋረጃ ሰፊ ገመናውን አይደብቅም" ትላለች። ሶፋ ሥር የተወሸቀ ካልሲ፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ የሻገተ ግድግዳ፣ እንግዳ ይመጣል ተብሎ መኝታ ቤት የታጨቀ ኮተት፣ ያላየችው የለም። ያየችውን ግን ከዚያ ቤት ደጃፍ አታሳልፍም፤ ስለዚህም ደንበኛ አጥታ አታውቅም። የለካችውን የምትሰፋው ቤቷ ሆና፣ ሳሎኑ መስኮት ሥር ባስቀመጠችው መኪና ነው።

ባሏ ቀለም ቀቢ ነው። ይህን የሰማ ደንበኛ ሁሉ "ታዲያ ያንቺ ቤትማ እንዴት ያምር ይሆን!" ይላታል። እሷ ስፒሏን ከአፏ ሳታወጣ "ህም" ብላ ታልፈዋለች። ምን ትበል? ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ሲባል አልሰሙ ይሆናል።

የቤቷ ግድግዳ በሙሉ የባሏ ሥራ ትራፊ ነበር። ከሶፋው ጀርባ ያለው ከአንድ መዋዕለ ሕፃናት የተረፈ ቢጫ ነው፤ ዓይን ይወጋል። ትይዩው ከባንክ ቢሮ የተረፈ ክሬም። ኮሪደሩ ከአንድ ክሊኒክ ደረጃ የመጣ ሰማያዊ ሆኖ፣ ቀለሙ መኻል ላይ ስላለቀ ከወገብ በላይ ነጭ ነው። ወጥ ቤቱ የመጋዘን ግራጫ። ሰውየው ግማሽ ጣሳ ይዞ በገባ ቁጥር "ከሚደርቅ" ይልና ባዶ ያገኘውን ቦታ ይቀባል።

"አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ቤት ነው ወይስ የትራፊ ማራገፊያ?" ትለዋለች።

"ግድግዳ ግድግዳ ነው። ዋናው ንጹሕ መሆኑ ነው" ይላታል፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ያልቃል። ክፉ ሰው አይደለም። ዝምተኛ ነው፣ ሥራ ወዳድ ነው፣ ሲጨቀጭቁት ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት የሚችልበት ሰው ነው። እሷን የሚያናድዳትም ይኸው ነበር። ከሚጮህ ባል ጋር ቢያንስ ተጯጩሆ ይወጣል።

አንድ ቀን ብቻዋን የምትኖር አንዲት የጥርስ ሐኪም ቤት መጋረጃ ልትሰቅል ሄደች። ሲለካ ግድግዳው ገና ልስን ነበር፤ አሁን ተቀብቷል። አረንጓዴ ነው፤ ግን የሣር አረንጓዴ አይደለም፣ የትምህርት ቤት በር አረንጓዴም አይደለም። ጥቅል ጎመን እየተላጠ ወደ ልቡ ሲጠጉ የሚመጣው ቅጠል አለ፤ ነጭ ነው ሲሉት አረንጓዴ፣ አረንጓዴ ነው ሲሉት ነጭ። እንደሱ ነው። የጠዋት ብርሃን ሲያርፍበት ግድግዳው ራሱ ቀስ ብሎ የሚተነፍስ ይመስላል። መጋረጃውን ሰቅላ ከወንበሩ ወረደችና፣ ማንም ተቀመጪ ሳይላት ሶፋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ሰው ቤት ለሥራ ገብታ ቁጭ ብላ አታውቅም።

"ደከመሽ እንዴ?" አለቻት ሐኪሟ።

"አይ፣ እንዲሁ ነው።"

እንዲሁ አልነበረም። ቀኑን ሙሉ መኪናዋ ላይ ጎብጣ ስትሰፋ ጀርባዋ ላይ የሚጮኸው ያ የመዋዕለ ሕፃናት ቢጫ ትዝ አላት። ትከሻዋ ለካ ስንት ዓመት ተሰቅሎ ኖሯል፤ እዚያ ቁጭ ስትል ነው ወደ ቦታው የተመለሰው።

ያን ዕለት ምሳ ላይ ለባሏ ነገረችው። "ሳሎኑን አረንጓዴ ቀባልኝ። ለስለስ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ።"

ሰውየው ጉርሻው አፉ ላይ ቀረ። "አረንጓዴ? አረንጓዴ ይከብዳል እኮ። ክሬም አይሻልሽም?"

"ክሬም ስንት ዓመት ያየሁት ነው። አረንጓዴ ነው ያልኩህ።"

"እሺ፣ እናያለን።"

"እናያለን" ማለት በእሱ ቋንቋ "አይሆንም" ማለት መሆኑን ታውቃለች። ሆኖም አለቀቀችውም። መጀመሪያ ግድግዳው እርጥበት አለው አላት። ግድግዳው ደረቀ። ከዚያ ብሩሾቹ አርጅተዋል አላት። ብሩሽ ገዛችለት። ቀጥሎ "ሎጋው ቢኖር ጥሩ ነበር" ማለት ጀመረ።

ሎጋው ማለት የሥራ ሸሪኩ ነው። ከበር እጀታ እምብዛም ስለማይበልጥ ነው ሎጋው የተባለው። ሁለቱ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ አብረው ሲቀቡ ኖረው፣ ባለፈው ዓመት ሎጋው ጤናው እምቢ ብሎት ሌላ ከተማ ልጁ ዘንድ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባሏ ሥራ መምረጥ ጀምሯል። ነጭ ሲሆን ይሄዳል፤ ሌላ ቀለም የሚፈልግ ሰው ሲጠራው ወገቤን አመመኝ ይላል። እሷ እርጅናና ስንፍና ተባብረው የመጡበት መስሏት ነበር።

"ሎጋው የለም! ሎጋው እስኪመለስ ልሙት?" አለችው።

በመጨረሻ ተሸነፈና ቀለም እንደተፈለገው እየቀላቀለ የሚሸጥ ሱቅ ሄዶ፣ አንድ ትልቅ ጣሳ ተሸክሞ ገባ። እሷ መጋረጃ ልትለካ ወጥታ ነበር። ስትመለስ ሁለቱ ግድግዳዎች ተቀብተው፣ እሱ መሰላል ላይ ሆኖ እየጨረሰ፣ ሴት ልጃቸው ደግሞ በሩ ላይ ቆማ አፏን ይዛለች። ልጅቷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ገና ነጭ ጋወኗን አላወለቀችም።

"አባዬ" አለች ልጅቷ፣ "ይሄ እኮ ሻይ በወተት ነው።"

"ሲደርቅ ይለወጣል" አለ ከመሰላሉ ሳይወርድ።

እናትየው ቦርሳዋን መሬት ጣለች። ቀለሙ ሻይ በወተት ነበር፤ ያውም ወተቱ ያነሰ። ጠበቁት። ሲደርቅ ጭራሽ ሻዩ በረታ።

"ምን ብለህ ነው የጠየቅካቸው?"

"ለስላሳ አረንጓዴ ስጡኝ አልኳቸው። ቀለሞቹ ያሉበትን ካርድ አወጡልኝ፣ ምረጥ አሉኝ። መረጥኩ።"

"ይሄን?"

"ይሄን።"

"አየሽ አይደል?" አለች ወደ ልጇ ዞራ። "ክሬም ይሻላል ብሎ ነበር፤ እንቢ ስለው የክሬም አጎት ይዞ መጣ! ግትር! አፉ እሺ እያለ በእጁ ነው እንቢ የሚለው!"

ሰውየው ብሩሹን ጨምቆ ወደ ውሃው ሄደ። እሷም አናቷ ላይ ወጥቶባት የቀረውን ቀን መኪናዋን እየረገጠች ዋለች፤ የማንን መጋረጃ እንደሰፋችም አታውቅ።

ሴትየዋ ግን እልኸኛ ናት። በማግስቱ ከገበያ አንድ ጥቅል ጎመን ገዝታ መጣች፣ ላጠች፣ ላጠች፣ ያን ወደ ልቡ የቀረበውን ቅጠል ቀንጥሳ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። "ይኸውልህ። ወሬ የለም፣ ካርድ የለም። ይሄን አስመስል።"

ቅጠሉን አገላብጦ አየው። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር አለፈ፤ እሷ ግን ልብ የምትልበት ትዕግሥት አልነበራትም። ግቢ ወጥቶ ነጭ ቀለም በባልዲ ቀዳ፣ ማቅለሚያ የሚጨመቅባቸውን ቱቦዎች ደረደረ። ቱቦዎቹ ከዘመን ብዛት ቀለም ስለፈሰሰባቸው ላያቸው ላይ የተጻፈው አይነበብም። ከአንዱ ጠብ፣ ከሌላው ጠብ እያደረገ ያማስላል። ቅጠሉን ባልዲው አጠገብ ይይዛል፣ ዓይኑን ያጠባል፣ እንደገና ጠብ። ቅጠሉ እጁ ላይ ጠወለገ። በስተኋላ "ተመሳሰለ" ብሎ ገባና ቀባው።

የወጣው የሕፃን ድድ ነበር። ጥርስ ያላበቀለ፣ ጤናማ፣ ሮዝ የሆነ ድድ።

"እያሾፍክብኝ ነው?" አለችው። ድምፅዋ ለወትሮው ከፍ የሚለው ዝቅ አለ፤ ይሄ የባሰ ምልክት ነው። "ንገረኝ፣ እያሾፍክብኝ ነው? ጎመን ሰጠሁህ እኮ! ሰው ጎመን ተሰጥቶት ድድ ይቀባል?"

"ሲደርቅ..."

"'ሲደርቅ' ትልና!"

ከዚያ በኋላ አኮረፈችው። ምግቡን ታቀርባለች፣ ቃል አትወጣትም። ልጅቷ በሁለቱ መኻል መልእክተኛ ሆነች፤ "እማዬ ጨው ካነሰው ይንገረኝ ብላለች"፣ "አባዬ አላነሰውም ብሏል"። በዚህ መኻል የባሏ ታላቅ እህት ልትጠይቃቸው መጣች። ሴትየዋ ፊት ለፊት ያየችውን ነገር ሳትናገር ብታልፍ የምትታመም ዓይነት ናት። ገና በሩን ስታልፍ፣

"ውይ! ሮዝ ቀባችሁት? በዚህ ዕድሜያችሁ!" አለች።

"ሮዝ?" አለ ሰውየው ቀስ ብሎ።

"ሮዝ ነዋ! የልጃገረድ መኝታ ቤት አስመሰላችሁት እኮ።"

ሰውየው ግድግዳውን አየ። ከዚያ ሚስቱን አየ። ቀና ብሎ ጣሪያውን አይቶ ከቤት ወጣ። መጋረጃ ሰፊዋ ያን ጊዜ የገባት ነገር የለም፤ "ጭራሽ አኩራፊው እሱ ሆነ!" ብላ ነው የተቃጠለችው። የባሏ እህት ደግሞ ጎንበስ ብላ "ምነው፣ ተጣልታችኋል እንዴ?" ስትላት፣ "ኧረ ምን ያጣላናል፣ እርስዎ ይቀመጡ" አለችና ጥርሷን ነከሰች።

ነገሩ የፈነዳው በክር ነው።

ከሰዓት በኋላ ነው፤ ለአንድ ሆቴል የሚደርስ የመጋረጃ ጠርዝ እየሰፋች ነበር። ጨርቁ ከባድ ነው፤ ሁለት እጇም ይዞታል፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ ነው። ባሏ ከጀርባዋ ሶፋው ላይ ተቀምጧል። ክር አለቀባት። ኩርፊያ እንደሆነ ኩርፊያ ነው፣ ሥራ ደግሞ ሥራ ነው።

"አረንጓዴውን ክር አቀብለኝ" አለችው ሳትዞር።

ተነሣ፣ የክሩን ቅርጫት እንዳለ አምጥቶ አጠገቧ አስቀመጠ።

"ክሩን ነው ያልኩህ፣ ቅርጫቱን አላልኩህም።"

"ያው እዚያ ውስጥ አለ፣ አንሺው።"

"በምኔ? በአፍንጫዬ? አንድ ክር ማንሣት ያን ያህል ይከብዳል?"

እጁን ቅርጫቱ ውስጥ ከትቶ አመሰው። አንድ አወጣ። ቡናማ ነው።

"አረንጓዴ!"

መለሰው። ሌላ አወጣ። ጠቆር ያለ ቀይ። ሊሰጣት እጁን ዘረጋ፤ እጁ ልመና የሚለምን ይመስላል። ልትጮኽ አፏን ከፈተች፤ ግን ያን እጅ ስታየው አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ቅርጫቱን ሁልጊዜ እንዳለ ነው የሚያመጣው። ከተጋቡ ጀምሮ። ክር ስትለው ቅርጫት፣ ሸሚዝህን ልበስ ስትለው "የትኛውን?"፣ ሙዝ ግዛ ስትለው ጥርስ የሚሰብር ጥሬ። በዚያ ሙዝ የተነሣ ስንቴ ተጣልተዋል! "ሻጭ የሚያታልልህ ጅል" ብላዋለች። እሱ ግን መልሶ አልሰደባትም፤ ስድቧን ይውጠው ነበር።

እግሯን ከፔዳሉ አነሣች። ከቁርጥራጭ ጨርቆቿ ሁለት መዘዘች፤ አንዱ ነጣ ያለ አረንጓዴ፣ አንዱ ነጣ ያለ ሮዝ።

"ና እስቲ። ይሄ ምንድን ነው?"

"ጨርቅ።"

"ቀለሙን ነው!"

ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገ። "ክሬም።"

"ይሄኛውስ?"

"እሱም... ያው ክሬም። ትንሽ ጠቆር ይላል።"

ልጅቷ ድምፁን ሰምታ ከመኝታ ቤት ወጣች። መጋረጃ ሰፊዋ ሁለቱን ጨርቅ እንደ ባንዲራ ከፍ አድርጋ ይዛቸዋለች። "አንተ ሰውዬ፣ እየቀለድክ ነው?"

"ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ እየቀለድኩ አይደለም።"

"ዓይንህንማ ገና ዱሮ አድርጎታል!"

ልጅቷ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ከዚያ ጠጋ ብላ፣ "እማዬ፣ ይሄ እኮ ያለ ነገር ነው። ብዙ ወንዶች ላይ አለ። አብሯቸው ይወለዳል። አረንጓዴና ቀይ፣ ሮዝና ግራጫ ይምታታባቸዋል። ሕመምም አይደል" አለች።

"ሕመም አይደል! ቀለም ቀቢ ነው እኮ! ዓሣ አጥማጅ ሆኖ ውሃ አላይም እንደማለት ነው!"

ሰውየው ሶፋው ላይ ተመለሰ፤ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ መሬት መሬት እያየ ነገሩን አወጣው። ልጅ ሆኖ የበሰለ ቲማቲም ልቀም ተብሎ ጥሬውን ለቅሞ አባቱ ገርፈውታል። ደግመው ሲልኩት ደግሞ ጥሬ አመጣ፤ ደግመው ገረፉት። ከዚያ ወዲህ የቀለም ስም ሲጠራ ዝም ማለት ተማረ።

"እና ከሥራ ሁሉ ቀለም መቀባት መረጥክ?"

"መስመር ስለምወድ ነው" አለ። "ጣሪያና ግድግዳ የሚገናኙበትን ጠርዝ። እሱን ቀጥ ማድረግ። እሱ ላይ ቀለም ምንም አያደርግም። ቀለሙን ሎጋው ነበር የሚያየው።"

"ለእኔ መናገር አቃተህ? ለእኔ? አንድ አልጋ ላይ ተኝተን!"

"ቀስ እያለ ጊዜው አለፈ። መጀመሪያ አፈርኩ። ኋላ ደግሞ ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"ታዲያ ምን ልልህ ኖሯል! ለምን እስከ ዛሬ አልነገርከኝም!" ተነሥታ ተንጎራደደች። ድንገት ቆም አለች። "ቆይ። ያ ቀሚሴስ? ልታየኝ የመጣህ ቀን የለበስኩት። 'ይሄ ቀለም ላንቺ ነው የተፈጠረው' ያልከኝ?"

ሰውየው ወደ በሩ አየ።

"ተናገር፣ ምን ነበር ቀለሙ?"

"ቆንጆ ነበርሽ።"

"ቀለሙን ነው የጠየቅኩህ!"

"ግራጫ" አለ ትንፋሹን እንደዋጠ።

"ግራጫ! ሮዝ ነበር! እናቴ ከስንት ሱቅ አፈላልጋ ያመጣችው ሮዝ! ስንት ዓመት ሙሉ ያን ቃል ሆዴ ውስጥ ይዤ... ኤዲያ!" ሁለቱን ጨርቅ ወረወረችበት። አንዱ ትከሻው ላይ አረፈ። አላነሣውም።

ወዲያው ስልኳን አንሥታ ሎጋው ዘንድ ደወለች። ሰላምታ እንኳ በቅጡ አልሰጠችውም።

"ሎጋው፣ ታውቅ ነበር?"

"ምኑን እትዬ?"

"ዓይኑን!"

"እርስዎ አያውቁም ነበር እንዴ? በሞቴ! ሚስቱ አይደሉ?"

ይሄ ነገር እሳቱ ላይ ጋዝ ጨመረበት። "እሱ ነገረህ?"

"ኧረ እሱስ ነግሮኝ አያውቅም። አንድ ቀን በር ቡናማ ቀባ ተብሎ አረንጓዴውን ጣሳ ከፍቶ ሲያማስል አየሁት፤ ጣሳውን ቀየርኩለት። ከዚያ በኋላ ቀለም ሁሉ በእኔ እጅ ሆነ። እኔም እኮ እትዬ፣ እጄ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ይንቀጠቀጣል። ጠርዝ ይዤ አላውቅም። ጠርዝ ሁሉ የእሱ ነበር።"

"እና ስለዚህ ተነጋግራችሁ አታውቁም?"

"ምን ብለን?" አለ ሎጋው፣ የምር ግራ ገብቶት።

ስልኩን ዘጋችው። ሁለት ወንዶች ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ መሰላል ተጋርተው፣ የአንዱን ዓይንና የአንዱን እጅ ገጥመው አንድ ሰው ሆነው ኖረዋል፤ አንዲት ቃል ግን አልተነፈሱም። እሷ ደግሞ በሳምንት አንዴ ጨጓራዋ እስኪላጥ ስለ ሙዝ ትጨቃጨቃለች። "አቤት ወንዶች!" አለች ለማንም ሳይሆን።

በነጋታው ቦርሳዋን አንጠልጥላ "ተነሥ፣ እንሂድ" አለችው። ሱቁ ውስጥ ካርዱን ከሻጩ እጅ ነጥቃ ወደ ደጅ ይዛው ወጣች፤ የሱቅ መብራት እንደሚዋሽ ከጨርቅ ታውቃለች። ባሏ አጠገቧ ቆሟል። ጣቷን አንዱ ላይ ስታሳርፍ "እሱ ክሬም ነው" ብሎ ሹክ ይላታል። ሌላው ላይ ስታሳርፍ "እሱም ክሬም" ይላል። ሦስተኛው ላይ እግሩን ረገጠችውና ዝም አለ። የጎመኑን ልብ አገኘችው። ስሙ ሌላ ነገር ነበር፤ ስሙን አልጠየቀችም።

ቤት ሲደርሱ ድዱ በነጭ ተሸፈነ፤ ከላዩ አረንጓዴው ሄደ። እሷ ሰፊውን ቦታ በሮለር፣ እሱ ጠርዙን በብሩሽ። ዘወትር ከሥራ ሲመለስ ልብሱን ነው የምታየው እንጂ ሲሠራ ቆማ አስተውላው አታውቅም ነበር። መሰላሉ ላይ ቆሞ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ክንዱን ከትከሻው ሳያንቀሳቅስ በወገቡ ብቻ እየዞረ ብሩሹን ከጥግ እስከ ጥግ ይስበዋል። ጠርዝ መሸፈኛ ፕላስተር የለ፣ ማስመሪያ የለ። ጣሪያውና ግድግዳው የተገናኙበት ቦታ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል። እሷ መቀስ ይዛ ያን ያህል ቀጥ አድርጋ ጨርቅ ቆርጣ አታውቅም። ሥራው እስኪያልቅ ልትነዘንዘው አስባ ነበር፤ ይሄን ስታይ የሚነዘነዝበት ነገር ጠፋባት፤ ይሄም ራሱ አናደዳት።

"ምን ታያለሽ?" አላት ከላይ።

"ምንም። ቀለም እያንጠባጠብክብኝ ነው።"

አላንጠባጠበም ነበር።

የባሏ እህት ወሬ ሰምታ ፈጥና መጣች። ዞር ዞር ብላ አየችና "ክሊኒክ አስመሰላችሁት" አለች።

"እንግዲያው ይቀመጡና ይታከሙ" አለቻት መጋረጃ ሰፊዋ። ልጅቷ ወደ ወጥ ቤት ሮጣ ገባች።

ግድግዳው ደረቀ። በቀን ብርሃን ልክ የተመኘችው ነበር። መኪናዋን ጠጋ አድርጋ ተቀመጠች፣ ሰፋች፣ ትከሻዋ ወረደ። ግን ሲመሽ አምፖሉን አበሩት፤ ቢጫ አምፖል ነው፤ አረንጓዴው ድስት የታጠበበት ውሃ መሰለ። ልታለቅስ ምንም አልቀራት። ልጅቷ ነጭ አምፖል ገዝታ ቀየረች፤ ሳሎኑ የሬሳ ክፍል ሆነ። ሌላ አምጥታ ቀየረች፤ ያም ትንሽ ይሻላል እንጂ አልሆነም። ሰውየው ከሶፋው ሆኖ "እኔ ልዩነቱ አይታየኝም" አለ። ሁለቱም ዞረው ሲያዩት ጋዜጣውን ከፍ አደረገ። መጨረሻ ላይ መጋረጃ ሰፊዋ ተስፋ ቆርጣ "ቀን ቀን የእኔ ነው፤ ማታ የአምፖሉ ይሁን" ብላ ተወችው። ማታ ማታ አሁንም ታየውና ከንፈሯን ትመጥጣለች።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን በኋላ የመጣው ነው። ሰውየው ምስጢሩ ከወጣ ወዲህ አፉ ተፈታ። ዕድሜውን ሙሉ ያልጠየቀውን አሁን በአንዴ ይጠይቃል። መንገድ ላይ ሲሄዱ "ያ መኪና ምንድን ነው?" ይላታል። "አረንጓዴ።" "ያኛውስ?" "ቡናማ።" "እስቲ አንድ ላይ ይቁሙና ልያቸው!" ቴሌቪዥን ላይ ዜና የሚያነበው ሰውዬ ከረባት ምን ዓይነት ነው? የጎረቤቱ ድመት ምን ትመስላለች? ይሄ ቲማቲም በስሏል? ስትመልስለት ራሱን እየነቀነቀ "ይገርማል" ይላል። ዝም ሲል የምታብደው ሴት አሁን በጥያቄው ልታብድ ነው። "አምላኬ፣ ያ ዝምተኛ ባሌ የት ሄደ?" ትላለች ለልጇ።

ድፍረት አግኝቶም የቀለም ሥራ እንደገና መቀበል ጀመረ። ማን እንደሚያይለት መቼም የታወቀ ነው።

አሁን በቅርቡ አንድ ሰፊ ሳሎን ውስጥ ወንበር ላይ ወጥታ፣ ስፒል ነክሳ፣ ከባድ መጋረጃ ትከሻዋ ላይ ተሸክማ ሳለ ስልኳ ጮኸ። በአንድ እጇ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው።

"ፊቴ ሁለት ጣሳ አለ" አላት ባሏ። "አረንጓዴው ለሳሎን፣ ሮዙ ለመታጠቢያ ቤት ነው ብለው ትተውልኝ ሄዱ። የትኛው የትኛው ነው?"

"ክዳኑ ላይ አልተጻፈም?"

"ቀለም ፈሶበታል።"

"ፎቶ አንሥተህ ላክ።"

ላከ። ፎቶው ላይ ሁለቱም ግራጫ ናቸው፤ ጥላ ውስጥ ሆኖ ነው ያነሣው።

"ወደ ብርሃን አውጣው!"

ደግሞ ላከ። ጣቱን ነው ያነሣው።

"ባለቤትየዋን አትጠይቃትም?"

"አፈርኩ" አለ።

ስፒሎቹን ከአፏ አወጣች። መጋረጃውን ከትከሻዋ አውርዳ ወንበሩ ላይ አጣጠፈች፤ ለደንበኛዋ "መጣሁ፣ ትንሽ ችግር ገጥሞኝ ነው" አለቻት። ታክሲ ይዛ ከተማውን አቋርጣ እስክትደርስ ድረስ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር፤ አጠገቧ የተቀመጡት ሰውዬ የምትጸልይ መስሏቸው ቦታ ለቀቁላት። ስትደርስ ባሏ ሁለቱን ጣሳ ከፍቶ፣ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ያለበት ቦታ አሰልፎ፣ ብሩሹን ይዞ ቆሟል።

"የቱ ነው?" አላት።

"በስተቀኝ ያለው ለሳሎኑ" አለችና፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳትቀመጥ፣ የመጣችበት ታክሲ ሳይሄድ ተመልሳ ገባችበት።